«ካምቢዮው ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አዳማ ውስጥ አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ማርሽ አልቀይር ሲል ባለመኪናው መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ካምቢዮው ሞቷል፤ ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ፈልግ።» ፍርዱ አንዳንዴ የሚሰጠው ኮፈኑ ሳይከፈት፣ መኪናው ጥቂት ሜትር ብቻ ተነድቶ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና የተሰማራን ባለሙያዎች ነንና ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አንድ ነገር ለማለት ነው። ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት በቅደም ተከተል የሚሠሩ፣ ተደምረው ግማሽ ቀን የማይፈጁ ምርመራዎች አሉ። እነሱ ሳይሠሩ የወረደ ካምቢዮ በግምት የወረደ ነው። የምንናገረው በከተማችን በብዛት ስለሚታዩት ባለ 4 ማርሽ ቶዮታዎች ነው፤ ሌላ መኪና የሚለይበት ቦታ ላይ እንጠቅሳለን።

መነሻው ዘይት ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከአለካኩ። የሞተር ዘይት ሞተር ጠፍቶ ስለሚለካ የካምቢዮውንም እንደዚያው የሚለካው ብዙ ነው። ቶዮታ ላይ ሞተር ሳይሠራ የተለካ የካምቢዮ ዘይት ይዋሻል፤ ከቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ለካምቢዮው ከሚያስተላልፈው ክፍል) እና ከመስመሮቹ ወደ ታች ስለሚወርድ የጎደለው የሞላ ይመስላል። ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። መኪናው 20 ደቂቃ ያህል ይነዳና ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ሜዳ ላይ ይቆማል። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የእግር ፍሬን ተረግጦ፣ ማንሻው ከ«ፒ» እስከ «ኤል» በየቦታው ለአፍታ እያረፈ ወርዶ ወደ «ፒ» ይመለሳል። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መለኪያው ወጥቶ ክር በማይተው ጨርቅ ይጠረጋል፣ እስከ መጨረሻው ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። ዘይቱ የሙቅ ንባብ በተባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የቀዝቃዛው ምልክት ለመነሻ ብቻ ነው፤ በእሱ ፍርድ አይሰጥም። ሆንዳ ግን ተቃራኒ ነው፦ ሞተሩ ሞቆ ይጠፋና ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይለካል። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው ካምቢዮዎች ደግሞ ከሥር ባለ የትርፍ ዘይት መፍሰሻ ቡሎን ነው የሚታዩት፤ በብዙዎቹ ቶዮታዎች ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በቀጭኑ ማንጠባጠብ አለበት። እነዚህን ያለ ሙቀት መለኪያ መገመት አይቻልም።

ዘይት ሲጎድል ፖምፓው አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኖቹ ሳይጨብጡ ይንሸራተታሉ። ምልክቱ ኩርባ ላይ ወይም ዳገት ላይ ቀድሞ ይታያል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይከተልም። የሚገርመው ዘይት ሲበዛም ያው መሆኑ ነው። የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም። ስለዚህ «ለማንኛውም አንድ ሊትር ጨምርበት» የሚባለው ምክር ጉዳት አለው። በመለኪያው ላይ ያለው ልዩነት ከግማሽ ሊትር ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሲጨመር በአንድ ጊዜ ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥ፣ እየለኩ።

ቀጥሎ ሁለት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ይፍሰስ። ቀይና የሚያሳልፍ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ ሽታው ካልተለወጠ አርጅቷል፤ ይቀየር። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ተበልተው ዘይቱ ውስጥ ገብተዋል። የእንጆሪ ጭማቂ ከወተት ጋር የተደባለቀ ከመሰለ ግን መኪናው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መነዳት የለበትም፦ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዶ ውሃ ገብቷል። ውሃ ሸራውን ከብረቱ ጋር የያዘውን ሙጫ ይፈታል። ራዲያተሩ ሳይቀየር ዘይት ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

የዘይቱ ዓይነትም እንደ መጠኑ ያስታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች ዴክስሮን ሁለት ወይም ሦስት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ የቀጠሉት ቲ ፎር፤ ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ያሉት ብዙዎቹ ደብሊው ኤስ። ደብሊው ኤስ ቀጭን ስለሆነ በሌላው ቦታ አይገባም። ከሁሉም የከፋው ሲቪቲ በሆነ ቪትዝ ውስጥ የተለመደውን ቀይ ዘይት መጨመር ነው። ሲቪቲ ማርሽ የለውም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ይዞ ነው የሚሄደው፤ የሚፈልገውም የራሱን ዘይት ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢል አይታመን። መለየት ቀላል ነው፦ ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው የብረት መለያ ሰሌዳ ላይ ከካምቢዮ መስመር ትይዩ የተጻፈው ኮድ «ኬ» ብሎ ከጀመረ ሲቪቲ ነው፤ «ኤ» ወይም «ዩ» ካለ ማርሽ ያለው ነው። ያንን ኮድ ጽፎ መያዝ በኋላ ዕቃ ሲገዛም ይጠቅማል።

ዘይት ሲቀየር የታችኛው መያዣ ባለመኪናው ፊት ይከፈት እንላለን። ውስጡ ያሉት ማግኔቶች ከመለኪያም ከኮምፒዩተርም የበለጠ ይናገራሉ። በማግኔቱ ላይ የተለጠፈ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ለዕድሜው ተፈጥሯዊ ነው። የብረት ቁርጥራጭ ወይም ስንጥር ከተገኘ ማርሽ ወይም ኩሺኔታ ተሰብሯል። የነሐስ ብናኝ ማግኔት አይዘውምና መያዣው ሥር በባትሪ መብራት ይፈለግ፤ የቡሽ (የነሐስ ቀለበት) መበላት ነው። ጥቁር ደቃቅ አሸዋ የሚመስለው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ሲዘጋ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ሲሊኮን በብዛት መቀባት አዳማ ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ነው፤ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ተልጦ ፊልትሮውን ይዘጋል። የመያዣው ትንንሽ ቡሎኖች በጥቂት ኒውተን ሜትር የሚያዙ ናቸው፤ በረጅም ቁልፍ የጠበቀ መያዣ ይጣመምና ማንጠባጠብ ይጀምራል።

አንድ ጊዜ ሲፈስ ከጠቅላላው 7 ሊትር ገደማ የሚወጣው ወደ 3 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተቀየረ ዘይት ከግማሽ በላዩ አሮጌ ነው። በሦስት ዙር፣ በየመካከሉ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር እየነዱ ቢቀየር 80 በመቶ ያህሉ አዲስ ይሆናል፤ የሚፈጀው 9 ሊትር ነው። በማሽን እየተገፋ የሚደረገውን ማጠብ ለዓመታት ዘይት ላልተቀየረለት ካምቢዮ አንመክርም፤ የተኛውን ዝቃጭ አንስቶ ወደ ቫልቮቹ ይወስደዋል። ሸራው አልቆ ለሚንሸራተተው ደግሞ አዲስ ዘይት አይመልሰውም፤ በጠርሙስ የሚሸጠው «ካምቢዮ አዳሽ»ም እንዲሁ።

ዘይቱ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ወደ ኬብሉ ይኬዳል። በአሮጌዎቹ ኮሮላዎች፣ ለምሳሌ ኤ245ኢ በተባለው ካምቢዮ ላይ፣ ከነዳጅ መስጫው ስሮትል ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ቀጭን ኬብል አለ። ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ለካምቢዮው የሚነግረው እሱ ነው፤ ግፊቱን የሚወስነውም። ስሮትሉ ለማጽዳት ሲፈታ ወይም ሞተር ሲወርድ ይነቀልና እንደመጣ ይመለሳል። አስተካከሉ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ይረግጣል፤ ሌላው በኬብሉ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ማቆሚያ ከላስቲኩ ጫፍ ያላትን ርቀት ያያል። ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ኬብሉ ከላላ ማርሹ ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፣ ለስላሳም ይመስላል፤ ሰውም ይደሰትበታል። ግን ግፊቱ ዝቅ ብሎ ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ከጠበቀ ይዘገያል፣ ሲቀይርም ይመታል። የ10 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳይታይ የወረደ ካምቢዮ ግን ብዙ ነው።

አሁን ስለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ስለሚይዘው ቫልቭ። አዳማ ሞቃት ነው፤ ወደ መተሐራ ሲወረድ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለ ቆላ ነው የሚገባው። ሞተር እንዳይሞቅ በሚል ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል እንደ ጥበብ ተቆጥሯል። የሚረሳው ነገር ካምቢዮው የሞተሩን ሙቀት መረጃ የሚጠቀም መሆኑ ነው። ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ካልደረሰ ኮምፒዩተሩ ብዙዎቹን ወደ ኦቨርድራይቭ (4ኛው ማርሽ) አያስገባቸውም፤ ኮንቨርተሩንም አይቆልፍም፣ ማለትም ሞተሩና ካምቢዮው ሳይንሸራተቱ በቀጥታ እንዲያያዙ አያደርግም። በፍጥነት መንገዱ ላይ ንፋስ እየመታው የሚሄድ፣ ቴርሞስታት የሌለው መኪና ከዚህ በታች ሊቀር ይችላል። ባለመኪናው «4ኛ አልገባ አለ፣ ነዳጅም በላ» ይላል፤ ጋራዡ ካምቢዮ ያወርዳል። የሚያስፈልገው ቴርሞስታትና ምናልባት የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ሞተሩ በእርግጥ ከሞቀ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በአብዛኛው በአዋራ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የማይሠራ ፋን። ራዲያተሩ የካምቢዮ ዘይቱንም ስለሚያቀዘቅዝ አዋራው በሁለቱም ላይ ይፈርዳል። ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እየተረጨ ይታጠብ፣ በዝቅተኛ ግፊት፤ ፊኖቹ እንዳይታጠፉ።

ሞተርም ካምቢዮ መስሎ ያታልላል። አንድ ካንዴላ ወይም ኮይል በየመካከሉ ሲያስት መኪናው 60 እና 80 ኪሎ ሜትር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የኮንቨርተር መቆለፊያ መንሸራተትም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ንዝረቱ ሲመጣ ፍጥነቱን ሳይቀንሱ የፍሬን ፔዳሉን መብራቱ እስኪበራ ብቻ ነካ ማድረግ። የፍሬን ስዊቹ የኮንቨርተሩን መቆለፊያ ያስለቅቃል፤ የሞተር ዙር ትንሽ ከፍ ብሎ ንዝረቱ ወዲያው ከቆመ ጉዳዩ የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ነው፣ ካልቆመ ወደ ካንዴላና ኮይል። ከኋላ ሌላ መኪና በማይከተልበት ቦታ ብቻ ይሞከር። «ዲ» ሲገባ የሚሰማው «ጓ» የሚል ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ የሞተር ሱፖርት ነው፤ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ፍሬን ተረግጦ፣ ከ«አር» ወደ «ዲ» ሲቀየር ሞተሩ ከልክ በላይ ከዘለለ ሱፖርቱ ይቀየር።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦቨርድራይቭ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ኮምፒዩተሩ ስህተት መዝግቧል። በአሮጌዎቹ ያለ መሣሪያም ይነበባል፦ ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኙና ቁልፉ ሞተር ሳይነሳ ይከፈታል፤ የኦቨርድራይቭ ቁልፉ በርቶ መብራቱ ይቆጠራል። 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች ናቸው። 62 እና 63 ማርሽ ቀያሪዎቹ ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች)፤ 64 የመቆለፊያው። ሶሌኖይዱ ራሱ በኦም መለኪያ ይታያል፦ ማርሽ ቀያሪዎቹ በ20 ዲግሪ ከ11 እስከ 15 ኦም ማሳየት አለባቸው፣ 12 ቮልት ሲነካቸውም «ጠቅ» ይላሉ። ግፊት የሚቆጣጠረው ሶሌኖይድ ግን 5 ኦም አካባቢ ነው። እሱ ላይ ባትሪ በቀጥታ አይነካም፤ ይቃጠላል። የ21 ዋት አምፖል በመካከል ገብቶ ነው የሚሞከረው። ከሶሌኖይዱ በፊት ግን የባትሪውን ተርሚናልና ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን የማሳ ሽቦ ማየት ይቀድማል።

ለኤ245ኢና ለመሰሎቹ ባለመኪናው እንዲጠይቅ የምንፈልገው አንድ ምርመራ አለ፤ ከሁሉም በላይ ብዙ ገንዘብ የሚያድነው እሱ ነው። የሶሌኖይዶቹ ሶኬት ይነቀልና መኪናው ይነዳል። ኮምፒዩተሩ ከጨዋታው ሲወጣ ካምቢዮው በማንሻው ብቻ ይታዘዛል፦ «ኤል» 1ኛ፣ «2» ሦስተኛ፣ «ዲ» ኦቨርድራይቭ ይሆናል። ከ«ኤል» ተነስቶ ወደ «2»፣ ከዚያ ወደ «ዲ» ሲወሰድ በሦስቱም ሳይንሸራተት ከሄደ፣ የውስጡ ብረትና ፍሪሲዮን ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሽቦ፣ ሴንሰር ወይም ሶሌኖይድ ነው። በሌላ በኩል ሶኬቱ ሳይነቀል «ዲ» ላይ ከባድ ሆኖ የሚነሳና «ኤል» ላይ እንደ ልብ የሚነሳ መኪና፣ ኮምፒዩተሩ ሶሌኖይዶቹን አጥቶ መኪናውን በላይኛው ማርሽ እያስነሳው ሊሆን ይችላል። ከፈተናው በኋላ የተመዘገበው ስህተት ይጥፋ።

የውስጡ ነው ከተባለም የትኛው ክፍል እንደሆነ ሳይወርድ ይታወቃል። በኤ245ኢ ውስጥ ሦስተኛን፣ ኦቨርድራይቭንና የኋላ ማርሽን የሚጋራ አንድ ፍሪሲዮን አለ፤ የኋላ ማርሽ ከተንሸራተተና ሦስተኛም ከተንሸራተተ ጥፋተኛው እሱ ነው። የኋላው ብቻ ከጠፋ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ዘግይቶ የሚገባ፣ ሲሞቅ የሚስተካከል ካምቢዮ ላስቲኮቹ ደርቀዋል። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሆኖ ከሞቀ በኋላ፣ በተለይ ወደ አሰላ ዳገት ሲወጣ የሚንሸራተት፣ ዘይቱ ሲቀጥን ግፊት የሚያመልጥበት ነው፦ ያለቀ ፖምፓ ወይም የተበላ የቫልቭ ቤት። ሰዓት ይዞ መለካትም አለ። ሞቆ በሚኒሞ ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ሲገባ እስኪይዝ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ «አር» ከ1.5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ተጠብቆ፣ አማካዩ ይወሰዳል።

አራቱም ጎማ ታግዶ፣ ሁለቱም ፍሬን ተይዞ፣ «ዲ» ላይ ነዳጅ እስከ ታች የሚረገጥበት ምርመራ የመጨረሻው ነው። ከ5 ሰከንድ አይለፍ፤ ዘይቱ ጎድሎ ወይም ተቃጥሎ ከሆነ ጭራሽ አይደረግ። አንዳንድ ቦታ ለማሳያ ያህል ከዚያ በላይ ሲረገጥ ይታያል፤ ያልሞተውን የሚገድለው ይህ ነው። የሞተሩ ዙር ንባብ ሲተረጎም ደግሞ አዳማ ባሕር ጠለል ላይ አለመሆኗ ይታወስ። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ወደ 15 በመቶ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ያህል ይቀንሳል። መመሪያው 2,400 ዙር የሚል ከሆነ እዚህ 2,200 አካባቢ ቢነበብ ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል አይባልም። «ዲ» እና «አር» ሁለቱም ከመመሪያው በላይ ከሆኑ ግፊት የለም፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የዚያው የአንዱ ፍሪሲዮን ነው።

መንገድ ላይ የቆመ አውቶማቲክ በገመድ ሲጎተት ማየት የተለመደ ነው። ሞተር ሳይሠራ ፖምፓው አይሽከረከርም፤ ፖምፓ ከሌለ ቅባት የለም። የፊት ጎማ የሚነዳቸው መኪኖች የፊት ጎማቸው ከመሬት ተነስቶ ይጎተቱ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካምቢዮው በእርግጥ ሞቷል ከተባለና ያገለገለ የሚገዛ ከሆነ፣ ኮዱ ከመለያ ሰሌዳው ጋር አንድ መሆኑ ይታይ፤ ዘይቱ ይፍሰስና ይሽተት፤ የታችኛው መያዣ እዚያው ሻጩ ፊት ይከፈት። ከመገጠሙ በፊት የራዲያተሩ ማቀዝቀዣና ሁለቱ ቱቦዎች ይታጠቡ፤ የአሮጌው ስብርባሪ የተኛው እዚያ ነው፣ አዲሱንም የሚጨርሰው እሱ ነው። ኮንቨርተሩ በእጅ እየተሽከረከረ ፖምፓው ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱ ሳይረጋገጥ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በቡሎን እየተሳበ መጠጋት የለበትም። ሁለቱ ቤቶች በእጅ ግፊት ብቻ ካልገጠሙ ኮንቨርተሩ አልገባም ማለት ነው፤ በቡሎን የተሳበ እንደሆነ ፖምፓው ሞተሩ ሳይነሳ ይሰበራል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚጠግኑ ባለሙያዎች
ከአዳማ